የሃና የባቄላ ቆርቆሮ

ጡረታ በወጣሁ ቀን መሥሪያ ቤቱ ኬክ ቆርሶ ሸኘኝ። ኬኩ ደረቅ ነበር፣ አልዋሽም። ኃላፊያችን፣ በዕድሜዋ ልጄ የምትሆን ሴት፣ ብርጭቆዋን አንስታ፣ «ሳቭታ ወርቄ፣ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ከዚህ ክፍል ስንት ልጆች ወደ መደበኛ ትምህርት መለስሽ?» ብላ በሰው ሁሉ ፊት ጠየቀችኝ። ሳቭታ በዕብራይስጥ አያት ማለት ነው፤ በሥራ ቤት የምጠራው በዚያ ነበር። ዝም አልኩ። አንዱ ቋንቋው የጠፋኝ መስሎት ጮክ ብሎ ደገመልኝ። ቋንቋውስ አልጠፋኝም። እኔ ሰው አልቆጥርም። በዚህ ምክንያት አንዲት ልጅ ከክፍሏ ወጥታለች፤ በዚሁ ምክንያትም ተመልሳለች። እኔ ደግሞ በመውጣቷም በመመለሷም እጄ አለበት። ስለዚህ ከመሞቴ በፊት ልጻፈው።

የተወለድኩት ጎንደር፣ ወገራ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ወልጄ ካሳደግኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ሒሳቡም ከመደመርና ከመቀነስ አላለፈም። ግን ስፌት አውቃለሁ። ሰፌድ ስሰፋ መሐሉ ላይ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ አወጣለሁ። አክርማውን ቀይና ጥቁር ነክሬ፣ በወስፌ እየወጋሁ፣ ዙሩ በሰፋ ቁጥር የኮከቡ ጫፍ ሁሉ እኩል መስፋት አለበት። አንዱ ጫፍ ከሌላው ቢበልጥ ሰፌዱ ይጣመማል። ታዲያ ስንት ጊዜ እንደወጋሁ ብትጠይቁኝ አላውቅም። እጄ ያውቃል።

አባቴም እንዲሁ ነበር። ማታ ከብቱ ሲገባ በረቱ በር ላይ ቆሞ አንድ ጊዜ ያይና «ቡሬ ቀርቷል» ይላል። ቆጥሮ አያውቅም። ከብት መቁጠር ነውር ነው፤ ሰው መቁጠርማ አይነሳም። እናቴን «ስንት ልጅ አለሽ?» ብሎ የጠየቀ ሞኝ «እግዚአብሔር የሰጠኝን ያህል» ተብሎ ይመለሳል። ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ቆጥሮ ምን እንዳመጣበት የማያውቅ አልነበረም።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ በሱዳን በኩል እስራኤል መጥተን ፔታህ ቲክቫ ከተማ ገባን። የመጀመሪያ ሥራዬ ሰጉላ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ብሎን ከረጢት መሙላት ነበር። አለቃው ጢማም ሰው ነው፤ በከረጢት ሃያ አምስት ብሎን ይላል። ሌሎቹ ሴቶች ድምፅ እያሰሙ ሲቆጥሩ እኔ በእፍኝ ዘግኜ በዓይኔ እያስተካከልኩ እቀድማቸዋለሁ። ሚዛን ላይ አስቀምጦ ደጋግሞ ፈተነኝና «አንቺ ማሽን ነሽ» አለኝ። አዲስ ለገባን ሴቶች ግን ከሌሎቹ አሳንሶ ይከፍል ነበር። «ከረጢቱ እኩል ከሆነ ክፍያውም እኩል ይሁን» አልኩት። «ያላ፣ ወደ ቤትሽ» አለኝ። ሄድኩ።

ከዚያ በአንድ ትምህርት ቤት ጽዳት ተቀጠርኩ። በሕንፃው ምድር ቤት አንዲት ክፍል ነበረች፤ ከከተማው ሁሉ ቁጥር ያስቸገራቸው ልጆች ወደ እሷ ይላካሉ። የክፍሏ ባለቤት ሃና ትባላለች። ሽበታም፣ ቀጭን፣ እንደ ዳክዬ የምትራመድ ሴት ናት። አንድ ቀን ጠረጴዛዋ ላይ ባቄላ ተበትኖ ነበር፤ ወዲህ ጥቂት፣ ወዲያ ጥቂት። አነሳሁት፣ ወለወልኩ፣ ባቄላውን መለስኩ። ሃና ስትመጣ እርጥቡን ጠረጴዛ አይታ ቆማ ቀረች።

«ይህን ማን ነካው?»

«እኔ። አጸዳሁት።»

«እኔ እንዳስቀመጥኩት እኮ ነው! ስንት ነበሩ?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ታዲያ እንዴት መለስሽው?»

«እንደነበረ ነዋ!» አልኳት፤ ምን ዓይነት ሴት ናት ብዬ።

ወንበሯ ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። በሳምንቱ ለቢሮው ደብዳቤ ጽፋ ሳያዓት፣ ማለትም ረዳት፣ አድርጋ ወሰደችኝ። ከእኛ አገር ለሚመጡት ልጆችም አስተርጓሚ ሆንኩ። ደመወዙ ከጽዳቱ ብዙም አይበልጥም ነበር፤ ግን ወንበር ነበረው።

ከሃና የተማርኩትን ከማንም አልተማርኩም። ልጅ ሲገባ ሰዓቷን ከእጇ ፈትታ ፊቷን ወደ ጠረጴዛው ደፍታ ታስቀምጠዋለች። በልጅ ወንበር ትቀመጣለች፤ ጉልበቷ እስከ አገጯ ይደርሳል። ልጁ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ ዳስሶ ሳይጨርስ አንድ ጥያቄ አትጠይቅም። «ተሳስተሃል» የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አላውቅም። «በየት በኩል እንደሄድክ አሳየኝ» ነው የምትለው። ወረቀቷ ላይም ትክክል ወይም ስህተት አትጽፍም። «መጀመሪያ በጣቱ ነካ፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ስድስት ላይ ሲደርስ ወደ በሩ አየ» ብላ ትጽፋለች። እንደ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ሳትለካ አትቆርጥም።

ሻይ ስንጠጣ እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። «ወርቄ፣ ጭንቅላት ውስጥ ቁጥር አንድ ቤት ብቻ አይደለም ያለው። አንደኛው ቤት በዓይን ያያል። ሦስት ባቄላ ብወረውር ሳትቆጥሪ ሦስት ነው ትያለሽ። ሁለት ክምር ባሳይሽ የሚበልጠውን ትለያለሽ። አፉን ያልፈታ ሕፃን እንኳ ከዚህ ጥቂት ያለው ይመስለኛል። ሁለተኛው ቤት ስም ይጠራል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እሱ ከሰው የሚገኝ ነው። ሒሳብ የምንለው በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ነው። መንገዱ ያልተጠረገለት ልጅ ሞኝ አይደለም። መጥረግ ነው!»

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አላገኘችውም። በወጣትነቷ ጭንቅላታቸውን የቆሰሉ ወታደሮች በሚያገግሙበት ቤት ሠርታለች። አንዱ ጋዜጣ ያነባል፣ ይቀልዳል፤ ከሰባትና ከዘጠኝ የሚበልጠውን ግን መለየት አይችልም። ሌላው አንድ ቃል መናገር አቅቶት ሳለ ሁለት ሰሃን ምስር ስታቀርብለት ሁልጊዜ ወደሚበዛው ይጠቁማል። «የአንዱ አንዱ ቤት ፈረሰ፣ የሌላው ሌላው» አለችኝ። እኔም የአባቴን ከብት ነገርኳት፤ አንዴ አይቶ የጎደለውን እንደሚያውቅ። ወደደችውና በደብተሯ ጻፈችው። ለምን እንደማይቆጥር ግን አልነገርኳትም። ለእኔ ይህ የሚነገር ነገር አልነበረም፤ ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች እንደማለት ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ሃና ታማ አንድ ወር ቀረች። በእሷ ቦታ አንድ ወጣት ፈታኝ መጣ፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ግን አንገቱ ላይ የሩጫ ሰዓት አንጠልጥሏል። በዚያ ወር ፈንታነሽ ቀረበች። የስምንት ዓመት ልጅ ናት፤ ትምህርት ቤቱ ፍኒና ብሎ ሰይሟት ነበር፤ እኔ እናቷ ባወጣችላት ስም ነው የምጠራት። እናቷ አድና ሰጉላ በፈረቃ ትሠራለች። በሱዳን መንገድ ሁለት ልጆቿን ቀብራ የመጣች ሴት ናት።

የፈተናው መጽሐፍ ተከፈተ። በግቢ የሚጫወቱ ልጆች ሥዕል ነው። «ስንት ልጆች አሉ?» አለ ፈታኙ። ተረጎምኩላት። ፈንታነሽ አየችኝ። ከንፈሯን ገጥማ ዓይኗን ሰበረች። ገጹ ተገለጠ፤ አውቶቡስ ነው። «ስንት ሰዎች ተሳፍረዋል?» ዝም። ሦስተኛው ማዕድ ላይ የተቀመጠ ቤተሰብ ነው። «ስንት ናቸው?» አሁን አንገቷን ጭራሽ ቀበረች። የመጽሐፉ ደንብ ሦስት ጥያቄ በተከታታይ ያልመለሰ ልጅ ቀሪውን አይጠየቅም ይላል። ከሦስቱ በኋላ የሚመጡት ፖምና ኳስ ነበሩ። አላየቻቸውም።

ፈታኙ ሰዓቱን ጠቅ አደረገና ወደ እኔ ዞረ። «ቋንቋው ነው ወይስ አታውቅም?»

«አታውቅም» አልኩ። ፈረምኩም።

እኔ ለደመወዝ ብዬ የጠየቅሁትን ነውር ልጅቷ እምቢ አለች፤ እምቢታዋን አላወቅሁላትም። ሥራው አዲስ ነበር፤ ከሰዎቹ ጋር እኩል ሆኜ መታየት ፈልጌ ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም። ፈንታነሽ ከእኩዮቿ ወጥታ በከተማው ማዶ ወዳለ ልዩ ክፍል ተላከች።

ከወራት በኋላ አድናን የሰጉላ አውቶቡስ ላይ አገኘኋት።

«እትዬ ወርቄ፣ አንቱ አዋቂ ነዎት፤ እውነቱን ይንገሩኝ። ልጄ ሞኝ ናት ወይ?»

«ማን አለሽ?»

«ወረቀቱ። እዚያ ቀኑን ሙሉ ዶቃ ያስለቅሟታል። ትናንት ማታ፣ ‹እማ፣ እኔ ምን አጥፍቼ ነው?› አለችኝ። ምን ልበላት? ገበያ እኮ ይዣት ስሄድ መልሱን የምትቀበለው እሷ ናት! አንድ አጎራ ሳንቲም አታስቀርም።»

መውረጃዬን ሳላይ አለፍኩት። ሁለት ፌርማታ አልፌ ወረድኩ።

በዚያው ሳምንት ሰንበት ሰፈራችን ካለችው ትንሽ ምኩራብ ሄድኩ። ከሴቶቹ ወገን፣ ከጎረቤቴ ከምርያም አጠገብ ተቀምጫለሁ። ምርያም የየመን ተወላጅ ናት፣ ከእኔ ትበልጣለች። ጸሎት ለመጀመር አሥር ወንድ ያስፈልጋል። አገልጋዩ ሽማግሌ በመጋረጃው ቀዳዳ ይታየኛል፤ በወንዶቹ ላይ ተራ በተራ እያመለከተ የሆነ ጥቅስ ያነበንባል።

«ምን እያደረገ ነው?» አልኳት በሹክሹክታ።

«መሙላታቸውን ያያል። ጥቅሱ አሥር ቃል ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቃል።»

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አይልም?»

«አንቺ ሴትዮ!» ብላ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ሰው በቁጥር ይቆጠራል እንዴ? እናትሽ አላስተማረችሽም?»

አስተምራኝ ነበር። ፈንታነሽንም እናቷ አስተምራታለች። የፈተናው መጽሐፍ ሦስት ገጽ በዓይኔ ላይ ተገለጠ፤ ልጆች፣ ተሳፋሪዎች፣ ቤተሰብ። ጸሎቱ ምን እንዳለ አልሰማሁም።

እሑድ ጠዋት ሃና ኮቷን ሳታወልቅ ነገርኳት። አዳምጣ ጨረሰችና ቁጭ አለች። «አያቴ ፖላንድ ውስጥ ‹አንድ-አይደለም፣ ሁለት-አይደለም› እያለ ነበር ማዕድ ላይ የሚቆጥረን» አለች። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልጅ ስፈትን ኖሬ ረሳሁት።» ከዚያ ተነሣች። «ቫዓዳ ፊት እንቀርባለን።» ቫዓዳ ልጆችን የሚመድበው ኮሚቴ ነው። «ግን ወርቄ፣ ወረቀቱ ላይ የፈረምሽው አንቺ ነሽ። መጀመሪያ የሚያነሡት እሱን ነው።»

«ያንሡት» አልኩ። ሥራውን ግን እወደው ነበር።

ኮሚቴው ሲቀመጥ ሰብሳቢው መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ምሁር ነው፤ አጠገቡ ኒሲም የሚባል፣ ኪፓ የሚሉትን ትንሽ ቆብ ያደረገ ሽማግሌ ተቆጣጣሪ። አድና የሰንበት ልብሷን ለብሳ ልጇን አቅፋለች። ሰብሳቢው ፋይሉን ገልጦ ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አኖረ።

«ደንቡ ግልጽ ነው። ሁለተኛ ፈተና ከሁለት ዓመት በፊት አይሰጥም፤ የመጀመሪያው የተበላሸ ካልሆነ በቀር። ይህኛው አልተበላሸም። አስተርጓሚ ነበረች። ‹አታውቅም› ብላለች። ይህ የማን ፊርማ ነው?»

«የእኔ።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ዋሽተሻል ወይስ ዛሬ ትዋሻለሽ?»

ዕብራይስጥ አንቱ የለውም፤ ቢኖረውም አይለኝም ነበር። ተነሥቼ ቆምኩ።

«ያን ጊዜ ተሳሳትኩ። ጻፈው። ወርቄ ተሳሳተች ብለህ ጻፍ፤ ከሥራም ካባረራችሁኝ እሄዳለሁ፣ መጥረጊያ አልጠላም። ግን በእኔ ስህተት እሷ አትቀጣም። የሠራሁት እኔ፣ ዶቃ የምትለቅመው እሷ! ይህ የየት አገር ፍርድ ነው?»

አድና አቀርቅራ ነበር፤ ቀና ብላ አየችኝ። ይህን እስከዚያች ቀን አልነገርኳትም ነበር።

ወደ ኒሲም ዞርኩ፤ እሱን በልቤ አንቱ አልኩት። «አባት፣ እርስዎ ጠዋት ጠዋት ምኩራብ ይሄዳሉ?»

«እሄዳለሁ።»

«አሥር ሰው መሙላቱን በምን ያውቃሉ?»

ኒሲም ሊመልስ አፉን ከፈተ። ጣቱ ራሱ ተነሥቶ በአየር ላይ አንድ በአንድ መጠቆም ጀምሮ ነበር፤ ጥቅሱን በለሆሳስ ሲጀምር ድንገት ቆመ። ፋይሉን ከሰብሳቢው እጅ ነጠቀ። ሦስቱን ገጽ ገለጠ። ከዚያ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታና፣ «ሰዎች!» አለ። «እኔም ብሆን እወድቅ ነበር!»

«ኒሲም፣ ልጅቷ ስምንት ዓመቷ ነው» አለ ሰብሳቢው።

«እኔ ሰባ ነኝ፤ እስካሁን የልጅ ልጆቼን ቆጥሬ አላውቅም! ኦሪት ምን ይላል? እያንዳንዱ ግማሽ ሰቅል ብር ይስጥ፤ ሰቅሉ ይቆጠር።»

ሃና ይህን ስትጠብቅ ኖራለች። ከቦርሳዋ አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ አውጥታ ባቄላውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች። የእጅ ሰዓቷን ፈትታ ደፋችው። ያንኑ መጽሐፍ፣ ያንኑ ገጽ ከፈተች። ለእኔ ራሷን ነቀነቀችልኝ።

«ፈንታዬ» አልኳት፣ «እነዚህን ልጆች አትቁጠሪያቸው። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ባቄላ ስጫቸው።»

ልጅቷ እናቷን አየች። አድና በዓይኗ ፈቀደችላት። ፈንታነሽ ባቄላ እያነሣች በየልጁ ላይ አስቀመጠች። ከዛፉ ጀርባ ጭንቅላቱ ብቻ ለሚታየውም ሰጠችው፤ ለእሱ ስትሰጥ ፈገግ አለች። ከዚያ ባቄላውን በመዳፏ ጠራርጋ ወደ ራሷ ሰበሰበችና አንድ ጊዜ አየችው።

«ሰባት ባቄላ» አለች። በዕብራይስጥ።

የአውቶቡሱ ገጽ ተከፈተ። ሃና ሦስት ቢወርዱ፣ አምስት ቢሳፈሩ ብላ ጨመረችባት። ባቄላው ወጣ፣ ባቄላው ገባ፤ ማዕዱ ላይም እንዲሁ። መለሰች። አራተኛው ጥያቄ ላይ ባቄላ መንካት ተወች፤ ፖምና ኳስ ነበርና በአፏ ብቻ አከናወነችው። ከሩጫ ሰዓት የፈጠነች ትመስል ነበር።

ሰብሳቢው አልተረታም። በሁለት እጁ ሁለት እፍኝ ባቄላ ዘግኖ ሁለት ክምር አደረገ። «የትኛው ይበልጣል?»

«ያኛው» አለች፤ እጁ ገና ሳይነሣ።

«እንየው» ብሎ ሊቆጥር ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ እያለ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሄደ። መሐል ላይ ኒሲም አስነጠሰው። ሰብሳቢው ጣቱ በአየር ላይ ቀረ።

«አሥራ ስድስት ላይ ነበርክ» አለችው ፈንታነሽ።

ሃና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ኒሲም ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አቃተው። ሰብሳቢውም ራሱ መጨረሻ ላይ ሳቀ፤ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደና «በሰደር» አለ፤ እሺ ማለቱ ነው። «ወደ ክፍሏ ትመለስ። ፈተናውም የተበላሸ ተብሎ ይመዝገብ።»

«ያበላሸችውስ?» አልኩት።

«አንቺ ነገ በሰዓትሽ ሥራ ግቢ» አለኝ። «ይህን መጽሐፍም ለአዲሶቹ ልጆች ከመክፈታችን በፊት አንቺ ታይዋለሽ።»

በኮሪደሩ ላይ ይቅርታ ልጠይቅ ወደ አድና ሄድኩ። «አንቺ ልጅ፣ እኔ ነኝ የጣልኳት» አልኳት። ጉልበቴን ሳላጥፍ ክንዴን ይዛ አስቆመችኝና፣ «ጣሏት፤ አነሷት» አለች። «እኔ ያነሷትን ነው የማየው። በሉ፣ አውቶቡስ እንዳያመልጠን።»

ማታ ሃና ባዶ ቆርቆሮ አመጣች። አንድ ባቄላ ጣለችበት። ኳ አለ። «ይህቺ ፈንታነሽ ናት» አለችኝ። «አንድ ልጅ ወደ ክፍሉ በተመለሰ ቁጥር ትጥያለሽ።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር አልፏል። ሃና ጡረታ ወጥታ ብዙም ሳትቆይ አረፈች፤ አለቆች ተለዋወጡ፤ ከከተማው በላይ ያለው የብርቱካን ማሳ እየተመነጠረ ፎቅ መብቀል ጀመረ። እኔ ከወንበሬ አልተነሣሁም። ልጅ ዝም ሲል «አያውቅም» ብዬ ፈርሜ አላውቅም። መጀመሪያ ሰዓቴን እደፋለሁ።

እንግዲህ ኃላፊዋ በኬኩ ቀን ስንት ልጆች ብላ ስትጠይቀኝ ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። ከመደርደሪያው ቆርቆሮውን አወረድኩና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«ልጆቹን አልቆጥርም» አልኳት። «ባቄላውን የፈለገ ይቁጠር።»

ከእንግዶቹ መሐል አንዲት ረጅም ወጣት ተነሣች። ኪርያት ማታሎን በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር የመሣሪያ ልክ የምታርም ቴክኒሺያን ናት፤ ከሥራ በቀጥታ ስለመጣች ጋዋኗን አላወለቀችም። ፈንታነሽ ናት። ቆርቆሮውን ገለበጠችው። ባቄላው ከጠረጴዛው አልፎ ኬኩ ላይ ፈሰሰ። አምስት አምስቱን እየከፈለች በፍጥነት ደረደረችው፤ ጨርሳም ወደ ኃላፊዋ ጆሮ ጎንበስ ብላ ቁጥሩን ነገረቻት። ኃላፊዋ አፏን በእጇ ያዘች።

እኔን «ልንገርዎት?» አለችኝ።

«አትንገሪኝ» አልኳት። «ይልቅ አንዱ ከወንበሩ ሥር ገብቷል፤ አንሺው።»

ጎንበስ ብላ አየች። ገብቶ ነበር።